የእንጦጦ ምንጭና የጉለሌ ጉድጓድ

ጉለሌ ከአዲስ አበባ በፊት ስም ነበረው፤ ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ አስቀድሞ የጉለሌ ኦሮሞ ከእንጦጦ ግርጌ በተዘረጋው መስክ ከብቱን ያሰማራ፥ ከተራራው ወገብ ከሚፈልቁትም ምንጮች ያጠጣ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቅብዐ መንግሥት ከተቀበሉ በኋላ መናገሻው ወደ ፍል ውኃው ሜዳ ፈጽሞ ሲወርድ፥ ተራራው ዙፋኑን ቢያጣ የምንጭ ባለቤትነቱን አላጣም፤ በ1886 ዓ.ም. የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ምንጭ ቧንቧ ዘርግቶ ውኃውን እስከ ቤተ መንግሥቱ ግቢ አደረሰው። ውኃው ቁልቁል ወርዶ፥ በወረደበት ኃይል መልሶ ወደ ግቢው ኮረብታ ሽቅብ ሲወጣ ያየ ሁሉ ተደነቀ፤ የተደነቀው ግን በመውጣቱ እንጂ በንጽሕናው አልነበረም፥ ጥሩ ሆኖ የታየውን ውኃ ማን ይጠራጠራል?

ግቢው ቧንቧ ሲያገኝ ሕዝቡ በእንስራ ይቀዳ ነበር። እንስራውን የሚሠሩት በቀጨኔ መድኃኔ ዓለም አካባቢ የሚኖሩት ሸክላ ሠሪዎች ሲሆኑ፥ አገሩ ሁሉ በእጃቸው ሥራ እየጠጣና እየበላ እነርሱን በክፉ ስም መጥራቱ ለዘመኑ ሰው ኅሊና የሚያስመሰግን ነገር አይደለም። በእንስራ የተቀዳ ውኃ አያረጅም፤ በየዕለቱ ያልቃል፥ ዕቃው ይታጠባል፥ በአዲስ ይተካል። ኋላም በየሰፈሩ የቦኖ ውኃ ሲቆም ልማዱ አልተለወጠም። የቆመ ውኃ ምን እንደሚያጠራቅም ለማወቅ የተገደዱት ሌሎች ሰዎች ናቸው።

ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1850፥ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ዓሣን፥ የውኃ ሣርንና ቀንድ አውጣን አብሮ ቢያኖር እንስሳውና ተክሉ እርስ በርሳቸው እየተረዳዱ እንደሚኖሩ ለኬሚስቶች ማኅበር አስታወቀ። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1862፥ በቆመ ውኃ የሚጠራቀመው ናይትሬት የሚወለደው በረቂቃን ሕያዋን ግብር ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገመተ፤ እ.ኤ.አ. በ1877 ሁለት ፈረንሳውያን ግምቱን በፈተና አጸኑት፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን በእርሻ አፈር ውስጥ በትዕግሥት ከመረመሩት አንዱ የዚያው የለንደኑ ኬሚስት ልጅ፥ የአባቱን ስም የተሸከመው ሁለተኛው ሮበርት ዋሪንግተን ነበረ። አባት ባበጀው ገንዳ ውስጥ በኅቡእ ይፈጸም የነበረውን ነገር ልጅ ከአፈር ውስጥ መረመረው ማለት ነው። ከዓሣው የሚወጣው አሞንያ መርዝ ነው፤ አንደኛው ነገደ ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፥ ሌላውም ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ናይትሬት ከቀደሙት ሁለቱ ይልቅ የዋህ ቢሆንም፥ ተክል ካልበላው ወይም አየር በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ፈትተው ወደ ሰማይ ካልሰደዱት፥ ቀለምና ሽታ ሳይኖረው ከቀን ወደ ቀን እየተከማቸ ይሄዳል።

ስለዚህ ትልቅ ገንዳ ያለው ሰው የዓሣውን ቍጥር ያሳንሳል፥ ምግቡን ይቈጥባል፥ ያደገውን ሣር አጭዶ ያወጣል፥ ከሁሉም በላይ ውኃውን ይለውጣል። ናይትሬቱ በሊትር 80 ሚሊግራም ከደረሰበት ገንዳ ግማሹን አፍስሶ ናይትሬት በሌለበት ውኃ ቢተካ 40 ላይ ይወርድለታል፤ የሚተካበት ውኃ ራሱ 40 የያዘ ከሆነ ግን በ60 ይቀራል፥ መቶ ጊዜም ቢደጋግመው ከ40 በታች አይወርድለትም። እንግዲህ ምርመራው ከገንዳው ይልቅ ወደ ምንጩ ይመለሳል።

በምንጩም ላይ የደረሰው ይህ ነው። በሽሮ ሜዳ፥ በአዲሱ ገበያ፥ በቀጨኔ ቤቱ ከቤት ተጠጋግቶ በተሠራ ጊዜ፥ እያንዳንዱ ግቢ መጸዳጃ ጉድጓዱን ቆፈረ፤ ጉድጓዱ የተቆፈረበት ምድር ደግሞ እሳተ ገሞራ የተፋው ስንጥቅ የበዛበት ድንጋይ ነው። አፈር ደለሉን ያጣራል፥ ብዙውን ተሐዋሲም ያስቀራል፤ ከእድፉ የሚወለደውን ናይትሬት ግን ይዞ የማቆየት ኃይል የለውም፥ ከዝናሙ ጋር አብሮ ይሰርጋል። የከርሰ ምድር ውኃ መርማሪዎችም ከእንጦጦ ወገብ ወደ ተጨናነቀው ከተማ በወረዱ መጠን ናይትሬቱ እየጨመረ እንደሚሄድ አረጋግጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ የወሰነው ከፍተኛ ልክ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ ናይትሬት የበዛበትን ውኃ በዱቄት ወተት በጥብጠው የሚያጠጡት ጨቅላ ደሙ ኦክስጅን መሸከም ተስኖት ሰውነቱ ወደ ሰማያዊነት ሊለወጥ እንደሚችል አንድ የአሜሪካ ሐኪም በ1945 እ.ኤ.አ. ገልጿል። ውኃውን አፍልቶ መጠጣት ተሐዋሲውን ይገድላል እንጂ ናይትሬቱን አያጠፋም፤ እንፋሎቱ ሲወጣ እንዲያውም ያከረዋል። ይህን ሁሉ ዐይን አይለየውም፤ የሚለየው የላቦራቶሪ ሚዛን ነው፥ ከጉለሌ ሰፈሮች አንዱም የናይትሬትን አመጣጥ አስቀድሞ በገመተው በዚያው ጠቢብ ስም እስከ ዛሬ ፓስተር ይባላል።

ከተማይቱ በበኩሏ ባለ ገንዳው የሚያደርገውን አደረገች፤ የሚተካውን ውኃ ከሩቅ አመጣች። በ1930ዎቹ ዓ.ም. ገፈርሳ፥ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ግድም ለገዳዲ ተገደበ፤ ምንጮቹም ከእንስራ ቀጂው በቀር ጠያቂ አጡ። ወደ አቃቂ የሚወርደው የከተማው እድፍ ግን በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ተኝቶ እምቦጭን አሳደገ፤ እምቦጭ ናይትሮጅንን አጥብቆ ይጠጣል፥ ነገር ግን ታጭዶ ካልወጣ እዚያው በስብሶ የጠጣውን ይመልሳል።

በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት በጉለሌ ከፍታ ላይ ከ700 ሄክታር በላይ መሬት ተከልሎ፥ ባሕር ዛፉ በጥድ፥ በወይራና በኮሶ የሚተካበት የዕፅዋት ማዕከል ተቋቋመ። ሥራው ደግ ነው፥ እኔም አደንቀዋለሁ፤ የሚጠብቀው ግን ገና ወደ ሰፈሩ ያልደረሰውን ውኃ ነው፥ ከበታቹ ላሉት መንደሮች ጉድጓዱን የሚተካ የፍሳሽ ቧንቧ ካልተዘረጋላቸው ናይትሬቱ ከቤታቸው ሥር መስረጉን አይተውም።