ጥብቅና በኢትዮጵያ

ጥብቅና በሕግ የሠለጠነና ፈቃድ ያለው ሰው ስለ ሌላ ሰው በፍርድ ቤት ቀርቦ የሚከራከርበት፣ የሕግ ምክር የሚሰጥበት፣ ውልና አቤቱታ የመሳሰሉትን ሰነዶች የሚያዘጋጅበት ሙያ ነው። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ጠበቃ ይባላል። በኢትዮጵያ የፌዴራል ጠበቆች የሚተዳደሩት በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ሲሆን፣ ክልሎች በየፍርድ ቤቶቻቸው ለሚከራከሩ ጠበቆች በራሳቸው ሕግ ፈቃድ ይሰጣሉ።

የጠበቃ ግዴታ ወደ ሦስት ወገን ይሄዳል፦ ወደ ደንበኛው፣ ወደ ፍርድ ቤቱ እና ወደ ሕዝቡ። ሦስቱ ሁልጊዜ አይስማሙም። የሙያው የሥነ ምግባር ደንቦች በአብዛኛው የተጻፉት ሦስቱ ሲጋጩ ጠበቃው ምን ማድረግ እንዳለበት ለመወሰን ነው።

በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜ

«ጠበቃ» የሚለው ቃል «ጠበቀ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። በመንግሥት በኩል ቆሞ በወንጀል የሚከስሰው ባለሙያ ዐቃቤ ሕግ ይባላል። «ዐቃቤ» ደግሞ «ዐቀበ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የመጣ ሆኖ ትርጉሙ «ጠባቂ» ነው። ስለዚህ በችሎት ፊት ለፊት የሚቆሙት ሁለቱ ባለሙያዎች በስማቸው ሁለቱም ጠባቂዎች ናቸው፤ አንዱ የሕጉ፣ ሌላው የሰውየው።

«ነገረ ፈጅ» የሚለው ስያሜ የሰውን ሙግት ይዞ የሚከታተልን ሰው ያመለክታል። ዛሬ በብዛት የሚነገረው በአንድ መሥሪያ ቤት ወይም ድርጅት ተቀጥሮ የዚያን ድርጅት የሕግ ጉዳይ ለሚይዝ ባለሙያ ነው። ጠበቃ ግን በፈቃዱ መሠረት ለማንኛውም ደንበኛ ይሠራል።

ታሪክ

ከዘመናዊ ሕጎች በፊት በኢትዮጵያ ሙግት የሚካሄደው በልማድ ሕግና በፍትሐ ነገሥት ላይ ተመሥርቶ ነበር። ባለጉዳዩ ራሱ፣ ወይም አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው ወክሎት፣ በዳኛና በሸንጎ ፊት ይሟገት ነበር። «በላ ልበልሃ» የሚባለው የሙግት ሥርዓት በቤት የሚመታ ንግግርን፣ ምሳሌያዊ አነጋገርንና ውርርድን ያቀላቀለ ስለነበር፣ አፉ የተባ ተሟጋች በአገሩ የታወቀና የተከበረ ሰው ነበር። ይሁንና ይህ ተሟጋች የተመዘገበ ፈቃድ፣ የተጻፈ የሥነ ምግባር ደንብ ወይም የሚቀጣው የሙያ ጉባኤ አልነበረውም።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ከተቋቋሙት መሥሪያ ቤቶች አንዱ የፍርድ ሚኒስቴር ሲሆን፣ ኃላፊነቱ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ተሰጠ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አደራጀ። ጠበቆች በመዝገብ እንዲገቡ የሚያዝዝ ደንብ ደግሞ በ1940ዎቹ ወጣ። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በወንጀል የተከሰሰ ሰው በጠበቃ የመረዳት መብት እንዳለውና ጠበቃ ማግኘት ላልቻለም ፍርድ ቤቱ እንዲመድብለት ደነገገ።

ከ1949 እስከ 1958 ባሉት ዓመታት የወንጀለኛ መቅጫ፣ የፍትሐ ብሔር፣ የንግድ፣ የባሕር፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት እና የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጎች ታወጁ። እነዚህ ረጃጅምና ውስብስብ ሕጎች ያልተማረ ተሟጋች በቃል ችሎታ ብቻ የሚወጣቸው አልነበሩም። በ1956 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ (የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ) የተከፈተው የሕግ ፋኩልቲ በአገር ውስጥ የሠለጠኑ የሕግ ባለሙያዎችን ማፍራት ጀመረ።

በደርግ ዘመን የጥብቅና ሥራ ጠበበ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ወደ 60 የሚጠጉ የቀድሞ ባለሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ ክስ አልተነበበላቸውም፣ የሚከራከርላቸውም አልነበረም። ከደርግ ውድቀት በኋላ የዚያው መንግሥት ባለሥልጣናት ራሳቸው በዘር ማጥፋትና በሌሎች ወንጀሎች ተከሰው ከታኅሣሥ 1987 ጀምሮ ለፍርድ ቀረቡ። ከተከሳሾቹ ብዙዎቹ በመንግሥት ወጪ ተከላካይ ጠበቃ ቆሞላቸዋል። ክርክሩ 12 ዓመት ያህል ፈጅቶ ታኅሣሥ 1999 የጥፋተኝነት ውሳኔ ተሰጠ። የሂደቱ መጓተት ብዙ ቢያስወቅስም፣ ለሌሎች ጠበቃ የነፈጉ ሰዎች ራሳቸው ጠበቃ ያገኙበት ችሎት በመሆኑ በሙያው ታሪክ ልዩ ቦታ አለው።

ሕገ መንግሥታዊ መሠረት

በ1987 የጸደቀው የኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ሕገ መንግሥት ጥብቅናን የሚመለከቱ በርካታ ድንጋጌዎች አሉት። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል። አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብቱን፣ በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብቱን፣ እንዲሁም ለጠበቃ የመክፈል ዐቅም አጥቶ ፍትሕ ሊጓደል በሚችልበት ጊዜ ከመንግሥት ጠበቃ የማግኘት መብቱን ይዟል። አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከሕግ አማካሪው ጋር የመገናኘት መብት ይሰጣል። አንቀጽ 37 ደግሞ ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ አካል የማቅረብ መብት እንዳለው ይናገራል።

የፈቃድ ሥርዓት

በ1992 የወጣው አዋጅ ቁጥር 199/1992 የፌዴራል ጠበቆችን ፈቃድ በሦስት ከፈለ፦ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ብቻ የሚያሠራ፣ በማንኛውም የፌዴራል ፍርድ ቤት የሚያሠራ፣ እና ልዩ የጥብቅና ፈቃድ። ልዩ ፈቃድ የሚሰጠው የኅብረተሰቡን አጠቃላይ ጥቅምና መብት ለማስከበር ያለ ክፍያ ለሚከራከር ባለሙያ ነው። ፈቃድ ለማግኘት የሕግ ትምህርት፣ የሥራ ልምድ፣ ፈተና ማለፍ እና መልካም ሥነ ምግባር ይጠየቃሉ።

ይህን አዋጅ የተካው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ሁለት ትልልቅ ለውጦች አመጣ። የመጀመሪያው የፌዴራል ጠበቆች ማኅበር በሕግ መቋቋሙ ነው። ቀደም ሲል ጠበቆች በፈቃደኝነት የሚገቡባቸው ማኅበራት ብቻ ስለነበሩ፣ የሙያው አስተዳደር ሙሉ በሙሉ በመንግሥት እጅ ነበር ለማለት ይቻላል። ጠበቃ በየዕለቱ ከዐቃቤ ሕግ ጋር እየተከራከረ ፈቃዱን የሚያድሰውና የሚቀጣው ዐቃቤ ሕግ ያለበት መሥሪያ ቤት መሆኑ ለሙያው ነጻነት አይበጅም የሚል ክርክር ለብዙ ዓመታት ሲነሣ ቆይቷል። ሁለተኛው ለውጥ ጠበቆች በሽርክና የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ መፈቀዱ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ጠበቃ በግሉ ይሠራ ስለነበር፣ ጠበቃው ሲታመም ወይም ሲሞት የደንበኞቹ መዝገብ ሜዳ ላይ ይቀር ነበር።

የራስን ጉዳይ ለመከራከር ፈቃድ አያስፈልግም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ባለጉዳይ ራሱ እንዲቀርብ ወይም የቅርብ ዘመዱን እንዲወክል ይፈቅዳል። በፍርድ ቤቶች ደጅ ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አቤቱታ ያዘጋጃሉ እንጂ በችሎት ሊከራከሩ አይችሉም።

ለደንበኛ ያሉ ግዴታዎች

ምስጢር መጠበቅ። ደንበኛ ለጠበቃው የሚነግረው ነገር ምስጢር ነው። ግዴታው ውሉ ሲያልቅ አያልቅም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ወንጀል አድርጎታል። የደንቡ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ባለጉዳይ ነገሩ እንደሚወጣበት ከጠረጠረ እውነቱን ለጠበቃው አይነግርም፣ እውነቱን ያላወቀ ጠበቃም በደንብ ሊከራከር አይችልም።

የጥቅም ግጭትን መራቅ። ጠበቃ በአንድ ጉዳይ ለሁለት ተቃራኒ ወገኖች ሊቆም አይችልም። ለምሳሌ አንድ ጠበቃ ወንድማማቾች ውርስ እንዲከፋፈሉ ለሁለቱም የክፍፍል ውል ጽፎ ከሆነ፣ በኋላ በዚያው ውል ሲካሰሱ አንዱን ይዞ ሌላውን መግጠም የለበትም። ከሁለቱም የሰማው ምስጢር አለና።

ትጋት። የኢትዮጵያ ሕግ ጊዜ ባለፈበት መብት አይራራም። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው በመርህ ደረጃ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ በውል ላይ የተመሠረተ ጥያቄ አጠቃላይ ይርጋው 10 ዓመት ነው፤ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። ከሳሽ በቀጠሮው ካልቀረበ መዝገቡ ሊዘጋ፣ ተከሳሽ ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ሊታይ ይችላል። በመሆኑም ቀጠሮ የረሳ ጠበቃ የደንበኛውን ቤት ወይም መሬት ሊያሳጣ ይችላል። ጠበቆች የሙያ ኃላፊነት መድን እንዲኖራቸው የሚጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው።

በውክልና ልክ መሥራት። ጠበቃ የሚሠራው በተሰጠው ሥልጣን መጠን ነው። እርቅ ለመፈጸም ወይም ንብረት ለማስተላለፍ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ በግልጽ የተሰጠ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ክፍያን በጽሑፍ መዋዋል፣ የደንበኛን ገንዘብ ከራስ ገንዘብ ጋር አለመቀላቀል፣ ሰነዶችን መመለስ እና የጉዳዩን ሁኔታ በየጊዜው ማሳወቅም ከዚሁ ይመደባሉ።

ለፍርድ ቤት ያሉ ግዴታዎች

ጠበቃ ለደንበኛው ቢቆምም የፍትሕ ሥርዓቱ አካል ነው። ሐሰት መሆኑን የሚያውቀውን ማስረጃ ማቅረብ፣ ምስክር ማስጠናት፣ ሕግን አጣምሞ መጥቀስ ወይም ክርክርን ለማጓተት ብቻ አቤቱታ መደርደር አይፈቀድለትም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከ1997 ጀምሮ በሥር ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ በመሆኑ፣ እነዚህን ውሳኔዎች መከታተልም የጠበቃ ሥራ ሆኗል።

ብዙ ሰው የሚያነሣው ጥያቄ «ጠበቃ ጥፋተኛ መሆኑን ለሚያውቀው ሰው እንዴት ይከራከራል?» የሚል ነው። የሕጉ መልስ በወንጀል ጉዳይ የማስረዳት ሸክም የዐቃቤ ሕግ ነው የሚል ነው። ጠበቃ ውሸት መናገር አይችልም፤ ዐቃቤ ሕግ ክሱን በማስረጃ እንዲያስረዳ፣ ፖሊስ ማስረጃውን በሕግ እንዲሰበስብ፣ ቅጣቱም ከጥፋቱ እንዳይበልጥ መጠየቅ ግን ይችላል። ይህ ጥያቄ በማይጠየቅበት ችሎት ንጹሑም ሰው መዳኛ የለውም።

ለሕዝብ ያሉ ግዴታዎች

በ1992 የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አስገድዷል። አገልግሎቱ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች፣ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች እና ፍርድ ቤት ለሚመድባቸው ጉዳዮች የሚውል ነው። ከዚህ ሌላ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራንና ተማሪዎች የሚሠሩባቸው ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው።

የሕግ ባለሙያዎች ሕዝባዊ ሚና ጎልቶ ከታየባቸው ተቋማት አንዱ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1995 ከተመሠረተ በኋላ ለሴቶች ነጻ የሕግ አገልግሎት ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 አንዲት የ14 ዓመት ታዳጊ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ፣ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ተኩሳ በመግደሏ ተከሰሰች፤ የማኅበሩ ጠበቆች ቆመውላት በራስ መከላከል ነጻ ወጣች። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2014 «ድፍረት» በተባለው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ቀርቧል። በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ተጠላፊዋን ካገባ ከክስ የሚያድን ድንጋጌ ነበረው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን ሰርዞ ጋብቻው ከወንጀል ተጠያቂነት እንደማያድን በአንቀጽ 587 ደነገገ። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ የሆኑት መዓዛ አሸናፊ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሹመዋል።

የሕግ ባለሙያዎች በሕግ ማውጣትም ይሳተፋሉ። በ2010 የተቋቋመው የሕግና የፍትሕ ጉዳዮች አማካሪ ጉባኤ ጠበቆችን፣ የሕግ መምህራንንና ሌሎች ባለሙያዎችን ይዞ የሲቪል ማኅበረሰብ፣ የፀረ ሽብር፣ የመገናኛ ብዙኃንና የጥብቅና ሕጎችን በማሻሻል ሥራ ተሳትፏል።

ተከላካይ ጠበቃ

ተከላካይ ጠበቃ ዐቅም ለሌለው ተከሳሽ በመንግሥት ደመወዝ የሚቆም ጠበቃ ነው። በፌዴራል ደረጃ የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር ነው። በዚህ አገልግሎት ላይ በብዛት የሚነሡት ቅሬታዎች የጠበቆቹ ቁጥር ከመዝገቡ ብዛት ጋር አለመመጣጠኑ፣ ጠበቃና ተከሳሽ በቀጠሮው ዕለት መጀመሪያ መተዋወቃቸው፣ እንዲሁም ጠበቃው የሚመደበው ክስ ከቀረበ በኋላ ስለሆነ ተጠርጣሪው ቃል በሚሰጥበት የፖሊስ ምርመራ ጊዜ ብቻውን መሆኑ ናቸው።

ዲሲፕሊን

በጠበቃ የተበደለ ደንበኛ የዲሲፕሊን አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ቅጣቱ እንደ ጥፋቱ ክብደት ከማስጠንቀቂያ ጀምሮ የገንዘብ መቀጮ፣ ለተወሰነ ጊዜ ከሥራ መታገድ ወይም ፈቃድ መሰረዝ ሊሆን ይችላል። የዲሲፕሊን ቅጣት ደንበኛው በፍትሐ ብሔር ካሳ ከመጠየቅ፣ ጥፋቱ ወንጀል ከሆነም ዐቃቤ ሕግ ከመክሰስ አያግድም።

የሙያው ነጻነት

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1990 በሃቫና ጉባኤ ያጸደቀው የጠበቆች ሚና መሠረታዊ መርሆዎች ሰነድ፣ ጠበቃ ሥራውን በመሥራቱ ምክንያት ከደንበኛው ወይም ከደንበኛው ዓላማ ጋር እንደ አንድ ሊቆጠር አይገባም ይላል። ይህ መርህ በተለይ በፖለቲካና በሽብር ክሶች ይፈተናል። ለከሃዲ ወይም ለገዳይ ቆመ ተብሎ የሚፈራ ጠበቃ ካለ፣ በሚቀጥለው ቀን የሚከሰስ ሰው ጠበቃ አያገኝም። ጠበቃው የሚጠብቀው ተከሳሹ ያደረገውን ነገር ሳይሆን የተከሳሹን መብት ነው።

ደግሞ ይዩ፦ ዐቃቤ ሕግ፣ ዳኛ፣ ፍትሐ ነገሥት፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት