«አባ በዝብዝ»፦ የአንድ የፈረስ ስም ፍቺና አመጣጥ

መተማ በተነሣ ቁጥር መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከማህዲስቶች ጋር ሲዋጉ በዚያ ቆስለው ብዙም ሳይቆዩ ያረፉት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መነሣታቸው አይቀርም። የፈረስ ስማቸው «አባ በዝብዝ» ነው። ይህን ሐረግ ሳስተምር አንድ ተማሪ «ታዲያ ንጉሡ ራሳቸው በዝባዥ ነኝ ይሉ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን የምመልሰው አጣሁ። ይህ አጭር ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

በፈረስ ስም ውስጥ «አባ» የካህን ማዕርግ ሳይሆን ባለቤትነትን ያመለክታል፤ «አባ በዝብዝ» ማለት «በዝብዝ» የተባለው ፈረስ ጌታ ማለት ነው። ተከታዩ ቃል ብዙ ጊዜ ግሥ ነው። ከመተማ በስተደቡብ ካለው ቋራ የተነሡት የዐፄ ቴዎድሮስ «ታጠቅ» እና የዐፄ ዮሐንስ «በዝብዝ» ትእዛዝ አንቀጾች ሲሆኑ፣ የራስ አሉላ «ነጋ» ግን ሐላፊ ነው። የዐፄ ምኒልክ «ዳኘው» በሁለቱም ሊነበብ ይችላል፦ «አንተ ዳኘው» ወይም «እሱ ዳኘው»።

እንግዲህ ትእዛዙ ለማን ነው? በእኔ አስተያየት፣ ለፈረሱ የተሰጠ ቢመስልም የሚደርሰው ለጋላቢው ነው። ስሙ በተጠራ ቁጥር ጌትዮው ራሱ ይታዘዛል። ስለሆነም «በዝብዝ» የተፈጸመ ተግባር ምስክርነት ሳይሆን ወደ ጠላት የሚወረወር ፉከራ ነው ለማለት ይቻላል። በዚያ ዘመን ምርኮ የድል ምልክት ነበርና ስሙ አያሳፍርም።

የተማሪው ጆሮ የሰማው ሌላ የትርጉም ድርብ ነው። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ዘመን «ጭቆናና ብዝበዛ» የፖለቲካ መፈክር ሆኖ ቃሉን ከጦር ሜዳ ወደ መደብ ትግል አዛወረው። ሆኖም ተማሪው ፈጽሞ ተሳስቷል አልልም፤ ያን ጊዜም ዘማች ሠራዊት የሚቀለበው ከገበሬው ጎተራ ነበርና ቃሉ ለባላገሩ ፉከራ ብቻ አልነበረም። በ1880 ዓ.ም. ማህዲስቶች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ደግሞ ከተማዋ መበዝበዝን ከሌላ ወገን አየችው።

በመተማ ድል ወደ ኢትዮጵያውያን አዘንብሎ ሳለ የንጉሡ መቁሰል ሲሰማ ሠራዊቱ ተፈታ። አስከሬናቸው በጠላት እጅ ወደቀ፤ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። የበዝብዝ ጌታ በመጨረሻ ራሱ ምርኮ ሆነ። ዛሬ ሐረጉን ሳስተምር ሦስቱንም፣ ፉከራውን፣ የገበሬውን ጎተራና መተማን፣ አብሬ አነሣለሁ።