ኤርስትሪም

ኤርስትሪም በመኪና የሚጎተቱ የጉዞ ቤቶችን የሚሠራ የአሜሪካ ድርጅት ነው። ዋና ፋብሪካው በኦሃዮ ግዛት፣ ጃክሰን ሴንተር በምትባል ትንሽ ከተማ ይገኛል። መሥራቹ ዋሊ ባያም ሥራውን የጀመረው በሎስ አንጀለስ በቤቱ ጓሮ ሲሆን ድርጅቱ በ1931 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ። ምርቶቹ በሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም አካላቸውና በተጠጋጋ ቅርጻቸው ከሩቅ ይለያሉ። በ1952 ዓ.ም. ገደማ የእነዚህ ቤቶች ረጅም ሰልፍ ኢትዮጵያን አቋርጦ አልፏል።

በአገራችን «ተሳቢ» ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ከጭነት መኪና ኋላ የሚጎተተው ነው። የጉዞ ተሳቢ ግን ጭነቱ ቤት ነው፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ የውኃ ማጠራቀሚያና መብራት አለው። መንገደኛው ሲደርስ ቤቱን ከጋንቾው ፈትቶ ያቆመዋል፤ መኪናውን ይዞ ገበያ ሄዶ ይመለሳል።

አመሠራረት

ዋሊ ባያም በ1896 እ.ኤ.አ. በኦሪገን ግዛት ተወለደ። በወጣትነቱ በግ ጠባቂ ሆኖ ሲሠራ የሚያድረው አህያ በሚጎትተው፣ መኝታና ምድጃ ባለው ጋሪ ውስጥ ነበር። በ1921 እ.ኤ.አ. ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ በኋላ በማስታወቂያና በመጽሔት ሥራ ተሰማራ።

የመጀመሪያው ተሳቢ የመጣው ከቤተሰብ ጭቅጭቅ ነው ይባላል። ባለቤቱ ማሪዮን ጉዞ ትወዳለች፤ መሬት ላይ መተኛትና ያለ ማእድ ቤት መክረም ግን አትፈልግም። ባያም በፎርድ መኪና ሻንሲ ላይ ድንኳን ተከለ። ድንኳኑ መትከሉ አድካሚ፣ በዝናብ ጊዜ ደግሞ የማያስጠልል ሆነ። ከዚያ ጠንካራ ግድግዳ ያለው ትንሽ ቤት ሠራና አሠራሩን በመጽሔት ጻፈ። ንድፉን የሚጠይቅ አንባቢ ሲበዛ ንድፍ መሸጥ ጀመረ፤ ቀጥሎም ራሱ እየሠራ መሸጥ ያዘ። ይህ ሁሉ የሆነው ከ1929ኙ የኢኮኖሚ ውድቀት ጋር በተቀራረበ ጊዜ መሆኑ የሚያስገርም ነው።

ብርማው ቅርጽ ግን የባያም ብቻ ፈጠራ አይደለም። ሆውሊ ቦውለስ የተባለ፣ የቻርልስ ሊንድበርግ አውሮፕላን በተሠራበት የራያን ፋብሪካ የነበረ ባለሙያ፣ በ1934 እ.ኤ.አ. የአሉሚኒየም ተሳቢ ሠርቶ ነበር። ድርጅቱ ብዙም ሳይቆይ ከሰረ። ባያም ሐሳቡን ወስዶ ከፊት የነበረውን በር ወደ ጎን አዞረና በ1936 እ.ኤ.አ. «ክሊፐር»ን አወጣ። አራት ሰው የሚያስተኛው ክሊፐር ዋጋው 1,200 ዶላር ነበር፤ ለዚያ ዘመን ውድ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሉሚኒየም ለጦር አውሮፕላን ስለተፈለገ ፋብሪካው ተዘጋ፤ ባያምም በአውሮፕላን ፋብሪካዎች ተቀጥሮ ሠራ። ከጦርነቱ በኋላ ሥራው እንደገና ተጀመረ፤ በ1952 እ.ኤ.አ. የጃክሰን ሴንተሩ ፋብሪካ ተከፈተ።

አሠራሩ

አካሉ እንደ አውሮፕላን አካል በስስ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ይሠራል፤ ቆርቆሮው ከአጥንቱ ጋር በብዙ ሪቬት ይያያዛል። ሪቬት ሲመታ አንድ ሠራተኛ ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ ይቆማሉ። የተጠጋጋው ፊት ነፋስን ስለሚያሳልፍ የመኪናው ድካም ይቀንሳል።

የጉዞ ተሳቢ ትልቁ ፈተና ቁልቁለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ወደ ደጀን ወጥቶ፣ ከዚያ ወደ ቢቸናና ሞጣ የሚታጠፍ ሾፌር ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በሚወርድ መንገድ ተሳቢው መኪናውን ከኋላ ይገፋል፤ ስለዚህ ከባድ ማርሽ መያዝና ለተሳቢው ጎማዎች የራሳቸው ፍሬን መኖሩ ግድ ነው። ክብደቱም በብዛት ከጎማዎቹ ወደ ፊት መሆን አለበት። ጋንቾው ላይ የሚያርፈው አብዛኛውን ጊዜ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሆናል። ኋላው ከከበደ ተሳቢው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል።

የአፍሪካው ጉዞ

ባያም ገዢዎቹን በማስታወቂያ ብቻ አላሳመነም። ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንበኞቹን አሰልፎ አስቸጋሪ መንገድ ወዳለባቸው አገሮች ይመራ ነበር። የመጀመሪያው ጉዞ ወደ መካከለኛው አሜሪካ ሲሆን ከተነሡት ብዙዎቹ መጨረሻው አልደረሱም። የተሰበረው ሁሉ ለፋብሪካው ትምህርት ሆነ።

ከሁሉም የታወቀው በ1959 እ.ኤ.አ. ከኬፕታውን ተነሥቶ በ1960 ካይሮ የገባው ነው። 41 ተሳቢዎችና 106 ሰዎች ነበሩበት፤ ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው። ከኬንያ ወደ ኢትዮጵያ የሚያስገባው መንገድ ከጉዞው ከባዱ ክፍል አንዱ ነበር። በኢትዮጵያ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ ሥራው በዓለም ባንክ ብድር ሲጀመር ትኩረቱ በጣሊያን ዘመን የተሠሩትን ዋና ዋና መንገዶች መጠገን ነበር። ስለዚህ ከደቡብ ድንበር የመጣ ተጓዥ ድንጋይና ጭቃ ቢገጥመው አይደንቅም። አዲስ አበባ ላይ ተጓዦቹ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝተዋል። ጉዞው በሱዳን በኩል ቀጥሎ በግብፅ ተፈጸመ፤ ከጊዛ ፒራሚዶች ፊት የተነሣው ፎቶግራፍ የድርጅቱ መታወቂያ ሆኖ ቀርቷል።

ከባያም በኋላ

ባያም በሐምሌ 1962 እ.ኤ.አ. አረፈ። ከአምስት ዓመት በኋላ ድርጅቱን ቢያትሪስ ፉድስ የተባለ የምግብ ኩባንያ ገዛው። በ1969 እ.ኤ.አ. ከጨረቃ የተመለሱት የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ተለይተው የቆዩት በኤርስትሪም አካል በተሠራ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ያነጋገሯቸውም በመስኮቱ ነው። ቀጥሎ በመጣው የ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ ግን ገበያው ወደቀ። በ1980 እ.ኤ.አ. ዌድ ቶምሰንና ፒተር ኦርትዋይን ድርጅቱን ገዝተው፣ ከስማቸው መነሻ ፊደላት «ቶር» የተሰኘውን ኩባንያ መሠረቱ።

ቶር ኋላ ላይ ሌሎች የቤተሰብ ድርጅቶችንም ጠቅልሏል። ሎይድና በርታ ቦንትሬገር በ1968 እ.ኤ.አ. በኢንዲያና በእርሻቸው ላይ፣ በዶሮ ቤት ውስጥ የጀመሩት ጄይኮ በ2016 በ576 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠለት። የጀርመኑ የኧርቪን ሃይመር ድርጅትም በ2019 ተከተለ።