ገመድና ዘር፦ የደን ሥነ ምኅዳር ትምህርት በቢቸናና በሞጣ ምድር

በጮቄ ተራራና በዓባይ ሸለቆ መካከል የተዘረጋው የምሥራቅ ጎጃም ደጋ ከጥንት ጀምሮ ለእርሻ የተሰጠ ምድር ነው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚያቀና መንገደኛ በግራም በቀኝም የጤፍና የስንዴ ማሳ፣ የግጦሽ ሜዳና የባሕር ዛፍ ረድፍ ያያል። በማሳው መካከል እዚህና እዚያ፣ እንደ ደሴት ጉብ ያሉ ጥቁር አረንጓዴ ቦታዎችም ዓይኑን ይስቡታል። ቀረብ ሲል እነዚያ ቦታዎች የአብያተ ክርስቲያናት ቅጥሮች መሆናቸውን ይረዳል። ደጋውን በአንድ ወቅት ያለብሱት ከነበሩት ጽድና ወይራ ዛሬ የተረፉት በአብዛኛው በዚያ ነው። በዩኒቨርሲቲ የደን ሥነ ምኅዳር የሚያጠና ወጣትም ሜትሩንና ችካሉን ይዞ የሚወርደው ወደነዚሁ ቅጥሮች ነው። ይህ ጽሑፍ ያ ወጣት ምን እንደሚለካ፣ ከመለካቱም በፊት የምድሪቱን ታሪክ ለምን ማወቅ እንደሚገባው ለማመልከት ይሞክራል።

ደንን በከፍተኛ ትምህርት ደረጃ ማጥናት በአገራችን ረጅም ዕድሜ የለውም። የደረቁ ዕፀዋት ማኅደር የሆነው ብሔራዊ ሄርባሪየም በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1951 ዓ.ም. ገደማ ነው። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ደግሞ በስዊድን እርዳታ የወንዶ ገነት የደን ትምህርት ቤት ተከፍቶ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። የኢትዮጵያን ዕፀዋት በሙሉ በየስማቸውና በየወገናቸው መዝግቦ የማሳተሙ ታላቅ ሥራ በ1972 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2001 ዓ.ም. ሲፈጸም፣ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎች በመጽሐፍ ሰፈሩ። ሥነ ምኅዳር በስም አጠራር ላይ የሚቆም ትምህርት ነውና ይህ መሠረት ባይጣል ቀጥሎ የመጣው ምርምር ባልተቻለም ነበር። ስሙ በቅጡ ያልታወቀ ዛፍ ኑሮውና ጉርብትናው ሊጠና አይችልም።

ይሁን እንጂ ደንና ትምህርት በጎጃም የተዋወቁት ከዩኒቨርሲቲ ብዙ ቀድሞ ነው። ከቢቸና ብዙ የማትርቀውን ዲማን በእግሩ ያልረገጣት አንባቢ እንኳ ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ያውቃታል። እንደ ዲማ ባሉ ደብሮች ዙሪያ የቅኔና የመጻሕፍት ተማሪዎች ጎጆ ቀልሰው፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ዘመናቸውን በትምህርት አሳልፈዋል። የክቡ ቤተ ክርስቲያን አሠራር ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ መቅደስ የሚያስገባ ነው። ዛፉ ደግሞ ከውጭ ሆኖ ሁሉንም የሚከብብ ሌላ ክብ ነው። ካህናቱ ዛፉን የቤተ ክርስቲያን ልብስ ይሉታል። ዛፍ የቆረጠ ቤተ ክርስቲያንን እንዳራቆተ የሚቆጠረውም በዚህ የተነሣ ነው። ደኑን ለዛሬው ተመራማሪ ያቆየለት ይህ አስተሳሰብ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ተመራማሪው በፊናው ምን አገኘ? ዶክተር ደመል ተክታይ በስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡትና እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመው የዶክትሬት ጥናታቸው በደጋ ደኖቻችን የዘር ኑሮ ላይ ያተኮረ ነበር። በእንዲህ ያለው ጥናት አፈር ከላይ ወደ ታች በየሦስት ሴንቲ ሜትሩ ተለይቶ ይወሰዳል። ከዚያም በሳሕን ተነጥፎ ውኃ እየጠጣ ይጠበቃል፤ የበቀለውም ሁሉ ይቆጠራል። ውጤቱ ለብዙዎች ያልተጠበቀ ነበር። ከአፈሩ የሚበቅለው በአብዛኛው ሣርና አረም ሲሆን፣ ለደኑ መልክና ግርማ የሚሰጡት የታላላቆቹ ዛፎች ዘር ግን አብዛኛው በአፈር ውስጥ ተከማችቶ አይቆይም። ወይ ቶሎ ይበቅላል፤ ወይ ይበላል፤ አለዚያም ይበሰብሳል። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው አባባል ስለ ሰው የተነገረ ቢሆንም፣ የደጋው ዛፍ ዘር ግን ከእናቱ ተለይቶ ብዙ አይዘልቅም። እናት ዛፍ ከወደቀች ምድሪቱ ያስቀመጠችላት አደራ የለም ማለት ነው።

ከሞጣ ባሻገር ዓባይን ሲሻገሩ በሚገኘው ደቡብ ጎንደር የዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ምርምር ይህንኑ አጠናክሯል። እኒህ ምሁር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎችን መዝግበው እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድ የዋህኒንገን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ፈጽመዋል። የጽድ፣ የወይራ፣ የሎልና የጥቁር እንጨት ዘር ከብት በማይገባበት አጥር ውስጥና ከአጥር ውጭ ተዘርቶ ሲነጻጸር፣ በአጥር የተጠበቀው ይበልጥ መብቀሉና መጽናቱ ታየ። ከጥናቱ በኋላ በአካባቢው በበርካታ ቅጥሮች ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተሠርቷል። ጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ1938 ከአየር ያነሡት ፎቶግራፍ ከቅርብ ዘመን የሳተላይት ምስል ጋር ሲተያይም፣ በዚያው በደቡብ ጎንደር የአብያተ ክርስቲያናቱ ደኖች እንደቆሙ ሲገኙ፣ በመካከላቸው የነበረው ጫካና ቁጥቋጦ ግን ተመንጥሯል። ዓባይ ሁለቱን አገሮች ቢለያቸውም ደጋነታቸው፣ አራሽነታቸውና የደናቸው ዓይነት አንድ ነው። ስለዚህ ይህ ትምህርት ለሞጣና ለቢቸናም የሚሠራ ነው።

እዚህ ላይ ግን ሳይንሱ ከታሪክ ጋር ይገናኛል። በጎጃም ምድር ላይ ገመድ መጣል ንጹሕ ሥራ ሆኖ አያውቅም። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አሥራትን ቢያስቀርም፣ የገበሬውን ምርት እየገመቱ ግብር ማስከፈልን አመጣ። ገበሬው ግምቱ ወደ ቅየሳ፣ ቅየሳውም ርስትን ወደ ማጣት ያመራል ብሎ ሠጋ። ቢቸናና ሞጣ ከዐመፁ ዋና ዋና ማዕከሎች መካከል ነበሩ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ አውሮፕላንም አሰማራ። በመጨረሻ ግን አገረ ገዥውን አንሥቶ ውዝፉን ግብር ለመማር ተገደደ። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሰፊ ይዞታዋን አጣች። በቅጥሯ ውስጥ ያለው ዛፍ ግን ቆመ። አባቱ በገመድ ምክንያት የሸፈተበት ሽማግሌ ዛሬ ሜትር የያዘ ወጣት በደብሩ ቅጥር ሲያይ «ለምን ትለካለህ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ካለማወቅ የመጣ አይደለም፤ ከታሪክ የተወረሰ ነው።

ቁጥር ራሱም ሊመረመር ይገባዋል። ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶው የኢትዮጵያ ምድር ደን ነበር የሚለው አባባል በመማሪያ መጻሕፍት ሲደጋገም ኖሯል። ሆኖም ታሪክ ጸሐፊው ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ጥናት፣ አኃዙ በልክ ላይ ያልተመሠረተ መሆኑን አሳይቷል። ደን አልተመነጠረም ማለት አይደለም። ያልተለካውን እንደ ተለካ መናገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በገበሬው ጫንቃ ላይ ለመጫን ያመቻል። ያው ገበሬ ደግሞ እስከ ቅጥሩ ድንበር ድረስ ሲያርስ ኖሮ የቅጥሩን ዛፍ ያልነካ ነው።

እንግዲህ ሁለቱ እውነቶች አንድ ላይ ሊያዙ ይገባል። ዘሩ በአፈር ውስጥ ስለማይጠበቅ የደጋው ደን ተስፋ በቆሙት ዛፎች ላይ ብቻ ነው። የቆሙት ዛፎችም ተስፋ በሚጠብቃቸው ሕዝብ እምነት ላይ ነው። ለካህኑና ለገበሬው ሳይነገር በመጽሐፍ ቤት መደርደሪያ የሚቀር ልኬት፣ በሽማግሌው ዓይን ከግብር ሰብሳቢው ገመድ አይለይም። ውጤቱ ወደ ደብሩ ተመልሶ በአማርኛ ሲነገር፣ «ይህች ወይራ ብትወድቅ ምድሩ አይተካትም» ተብሎ በዐውደ ምሕረት ሲሰማ ግን፣ ገመዱ የመንጠቂያ መሆኑ ቀርቶ የመጠበቂያ ይሆናል። መምህሩ ተማሪውን ወደ ቅጥሩ ሲልክ የ1960ውን ታሪክ አስጠንቶ ይላከው። ጸሐፊውና ተዋናዩም የባለ ሙያውን ግኝት ለሕዝብ በሚገባ ቋንቋ ያድርሱለት። የዛፎቹ ስም በሕዝቡ አፍ ላይ ገና አልጠፋም፤ ከዛፎቹ ጋር አብሮ እንዳይጠፋ ማድረግ የሁላችን ድርሻ ነው።