ዮሴፍ፦ አንድም ቃል ያልተጻፈለት አባት

ታኅሣሥ 29 ሲቃረብ በየአጥቢያው የገና ድራማ ልምምድ ይጀመራል። ማርያምን ሆኖ ለመሥራት የሚፈልጉ ብዙ ናቸው፤ መልአክ ለመሆንም የሚሽቀዳደም አይጠፋም። ዮሴፍን እንዲሠራ የሚመረጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ዓይን አፋሩ ልጅ ነው። ጋቢ ይደርባል፣ በትር ይይዛል፣ ከግርግሙ አጠገብ ይቆማል። የሚያጠናው ነገር ስለሌለው ከልምምድ ቢቀርም ማንም አይቆጣውም። ድራማውን ያዘጋጀው ሰው ግን አልተሳሳተም። በአራቱም ወንጌላት ውስጥ ዮሴፍ የተናገረው አንድም ቃል አልተጻፈም።

የተጻፈልን ያደረገው ነው። ሉቃስ የልደቱን ታሪክ በአብዛኛው በማርያም በኩል ሲነግረን፣ ማቴዎስ በዮሴፍ በኩል ይተርከዋል። በአይሁድ ዘንድ የታጨች ሴት በሕግ እንደ ሚስት ትቆጠር ነበር፤ ቃል ኪዳኑም ያለ ፍቺ አይፈርስም። የታጨች ድንግል ከሌላ ሰው ጋር ብትገኝ ሕጉ ሞት ድረስ ይደርሳል (ዘዳ. 22፥23-24)። እንግዲህ ማርያም ፀንሳ ስትገኝ ዮሴፍ ሕጉም፣ የሰፈሩም ወሬ፣ የተጎዳ ልቡም በአንድ ወገን ነበሩ። እርሱ ግን ሳያጋልጣት በስውር ሊተዋት አሰበ (ማቴ. 1፥19)። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህን ያሰበው መልአኩ ከመምጣቱ በፊት ነው። ስለ መንፈስ ቅዱስ ሥራ ገና የሰማው ነገር የለም፤ እንደ ተከዳ ሰው ነው የሚያስበው። ማቴዎስ ጻድቅ ብሎ የሚጠራውም በዚሁ ቦታ ነው። ያልገባውን ነገር አደባባይ አላወጣም፤ የእርሷን ስም ሸፈነ።

ከዚያ በኋላ መልአኩ በሕልም ተናገረው፤ ከእንቅልፉም ነቅቶ የታዘዘውን አደረገ። ከታዘዛቸው ነገሮች አንዱ ለሕፃኑ ስም ማውጣት ነበር (ማቴ. 1፥21፣ 25)። ይህ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ቶሎ የሚገባ ነው። ስማችን ከነአባት ነው የሚጠራው፤ በቀበሌም በትምህርት ቤትም መዝገቡ የአባት ስም ይጠይቃል። ዮሴፍ ኢየሱስ ብሎ ሲጠራው በሕግ ፊት ልጄ ነው ማለቱ ነበር። ጌታም በዮሴፍ በኩል በዳዊት ትውልድ ሐረግ ውስጥ ተቆጠረ። በሥጋ ያልወለደው ልጅ በስሙ ተጠራ።

ኑሯቸው የተሻለ አልነበረም። ለመንጻት ያቀረቡት መሥዋዕት ጠቦት ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው የሚያቀርበው የወፎች ጥንድ ነበር (ሉቃ. 2፥24፤ ዘሌ. 12፥8)። ዮሴፍ ጸራቢ ነው (ማቴ. 13፥55)። የግሪኩ ቃል እንጨት ሠሪውንም ቤት ሠሪውንም ይጨምራል። እንዲህ ያለ ሰው የሚያውቁት ደንበኞች ካሉበት መንደር ርቆ ሥራ ማግኘት ከባድ ነው። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል ሲፈልግ ግን ዮሴፍ ዳግመኛ በሕልም ተነገረው፤ በዚያው ሌሊት ልጁንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ ወጣ። እስኪነጋ አልጠበቀም። ሄሮድስ ሲሞት (ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4 ዓመት እንደ ሆነ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ) በሦስተኛው ሕልም ተመለሰ፤ በአራተኛው ወደ ገሊላ ሄደ።

ሕፃን ይዞ በሌሊት መውጣት ለመቀሌ ሰው ማብራሪያ አያሻውም። በሓወልቲ ክፍለ ከተማ በሰማዕታት ሐውልት ዙሪያ ካሉት ቅርጾች መካከል ልጆቻቸውን ይዘው የሚሰደዱ ሰዎች ይታያሉ። በ1977 ዓ.ም. በነበረው ረሃብ እጅግ ብዙ የትግራይ ሰው በእግሩ ወደ ሱዳን ሄዷል። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በጀመረው ጦርነት ደግሞ ከተማዋ ራሷ የተፈናቃይ መጠለያ ሆነች፤ የመማሪያ ክፍሎች የቤተሰቦች ማደሪያ ሆኑ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላም ብዙ አባቶች ዓመታትን በመጠለያ አሳልፈዋል። ትናንት ገበሬ ወይም ነጋዴ የነበረ አባት የቀን ሥራ ፍለጋ ማልዶ ሲወጣ፣ ማታም ባዶ እጁን ሲገባ፣ ልጆቹ ፊት የሚናገረው ያጣል። ዝም ማለቱ እምነት ማጣት ተደርጎ ሲቆጠርበት ሰምቻለሁ፤ ልክ አይመስለኝም።

ከዚህ የሚከብድም አለ። በዚያ ጦርነት ብዙ ሴቶች ተደፍረዋል፤ በዚያ ምክንያት የተወለዱ ልጆችም አሉ። የጌታ ፅንሰት ከመንፈስ ቅዱስ ነውና ከዚህ ጋር አይነጻጸርም፤ ማንም እንዲህ አይረዳኝ። ነገር ግን የዮሴፍ ታሪክ ለባልየውና ለምእመናኑ የሚለው ነገር አለው። ምንም ያልበደለችውን ሴት ስሟን የሚጠብቅላት ማን ነው? ሕፃናት ለጌታ በሚሰጡበት እሑድ የልጁ ስም ሲነበብ ቀጥሎ የማን ስም ይጠራል? ስሙን የሚሰጥ ወንድም ቢገኝ በቡና ላይ የሚያነሣው ወሬስ እንዴት ይሆናል? ሽማግሌዎች ይህን ከእሑዱ በፊት ተቀምጠው ሊነጋገሩበት ይገባል፤ በመድረክ ላይ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም።

ዮሴፍ በወንጌል ለመጨረሻ ጊዜ የሚታየው ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ነው፤ ለሦስት ቀን በጭንቀት ፈልጎታል (ሉቃ. 2፥41-51)። እዚያም የምትናገረው ማርያም ናት፤ ዮሴፍንም አባትህ ብላ ትጠራዋለች። ጌታችን አገልግሎቱን ከጀመረ በኋላ ዮሴፍ በሕይወት ስለ መኖሩ ወንጌላት ምንም አይሉም። በናዝሬት ምኩራብ ቆሞ መጽሐፉን ባነበበ ጊዜ ግን የሰፈሩ ሰዎች የዮሴፍ ልጅ መሆኑን እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ ነበር (ሉቃ. 4፥22)።