ምት የጠበቀችው ቺፕ

ከወረኢሉ ወደ ደሴ የተጓዛችሁ ታውቁታላችሁ፤ ካቤን አልፎ ጉጉፍቱ ላይ ሲደረስ ጉሙ መንገዱን ይሸፍነውና ሾፌሩ በጠራራ ቀን መብራት አብርቶ ያዘግማል፣ ተሳፋሪውም ጋቢውን እስከ አፍንጫው ይከናነባል። በዚያ መኪና አንድ ወጣት ተሳፍሯል እንበል። ኪሱ ውስጥ በሶፍት የተጠቀለለች፣ ሃያ ስምንት እግር ያላት አትሜጋ328ፒ ቺፕ አለች። ማታ ፊውዞቿን፣ ማለትም ሰዓቷን ጭምር የሚወስኑትን ማዘዣዎቿን፣ ሲያስተካክል አሳስቶ ጻፈና ከዚያ ወዲያ ጭጭ አለችበት፤ ኮድ የሚጭንባት መሣሪያ፣ ፕሮግራመሩ፣ ቢጠራት ቢጠራት መልስ የላትም። እናም ሞታለች ብሎ ምትኳን ፍለጋ ደሴ ገባ፣ ሱቅ ለሱቅ ዞረ፣ ሬዲዮና ስልክ ጠጋኞቹን ጠየቀ፣ እነሱም ገልበጥ ገልበጥ አድርገው እያዩ መለሱለት፣ እሱም ባዶ እጁን በመጣበት ጉም ተመለሰ።

ልብ በሉልኝ፣ ቺፗ አልሞተችም። የተሳሳተው ፊውዝ የራሷን ሰዓት ትታ ከውጭ የሚመጣ ምት እንድትጠብቅ አዟት ነው። እኛን የወረኢሉን ሰዎች ይህ አይገርመንም፤ በ1888 ዓ.ም. ምኒልክ በጣልያን ላይ የሚዘምተው ጦር እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከትቶ እንዲጠብቃቸው አዋጅ ሲያስነግሩ፣ እዚህ የሰፈረው ሰው ነጋሪት ጠባቂ እንጂ ጉልበት ያጣ አልነበረም።

ልጁም ነገሩ ሲገባው፣ የምትጠብቀውን ምት ከውጭ ሊሰጣት አርዱዪኖ ኡኖ ሰሌዳውን አወጣ። (አርዱዪኖ የተጀመረው በ2005 እ.ኤ.አ. ኢቭሪያ በምትባል የጣልያን ከተማ ነው፤ ያ ጦር ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር!) መጀመሪያ አንዱን ፒን በዲጂታልራይት ትእዛዝ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አደረገው፤ የወጣው ምት በሴኮንድ መቶ ሺህ ገደማ ብቻ ሆነ። ይህ አይበቃም፤ የቺፗ ምት ከፕሮግራመሩ ምት ከአራት እጥፍ በላይ መፍጠን አለበት። ከዚያም በቀጥታ ወደ ፖርቱ ሬጂስተር ጻፈና ከ2 ሚሊዮን አለፈ፣ ነገር ግን ሰሌዳዋ በየሚሊሴኮንዱ የራሷን ጊዜ ልትቆጥር ዘወር ስትል ምቱ ይደናቀፋል።

ታዲያ ኮዱን ከመሃል ማውጣት ነበረበት፣ አወጣውም። ከሰሌዳዋ ቆጣሪዎች አንዱን፣ ታይመር 1ን፣ አስነሣና የማነጻጸሪያውን ቁጥር ዜሮ አድርጎ፣ በደረስክ ቁጥር ፒን 9ን ገልብጥ አለው። የሰሌዳዋ ሰዓት 16 ሜጋኸርዝ ነው፤ ፒኑ በእያንዳንዱ የሰዓቱ ምት አንድ ጊዜ ይገለበጣል፣ ሁለት ግልበጣ አንድ ሙሉ ምት ይሆናል፣ ስለዚህ በፒን 9 ላይ ንጹሕ 8 ሜጋኸርዝ ወጣ። ፕሮሰሰሩ ያን ጊዜ ሌላ ሥራ ቢሠራ፣ ቢያንቀላፋም እንኳ፣ ታይመሩ እስካልቆመ ድረስ ምቱ ንቅንቅ አይልም። ሳይለፉ ፍጥነት ማለት ይህ ነው ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ ከፒን 9 አጭር ሽቦ ስቦ የቺፗ 9ኛ እግር ላይ ሰካ፣ ግራውንዱን ከግራውንዱ አገናኘ፣ ትንፋሹን ውጦ ፕሮግራመሩን አስጠራ፤ መለሰችለት። ፊውዙንም አስተካክሎ ጻፈላት።

እናንተም ጭጭ ያለች ቺፕ ካለቻችሁ ከመጣላችሁ፣ ለምትኳም ደሴ ድረስ ከመሳፈራችሁ በፊት ይህን ሞክሩ፤ ሽቦው ከስንዝር አይርዘም፣ ግራውንዱንም አትርሱ።