ጨዋታም ታሪክ አለው

በአማርኛ ልጅም ይጫወታል፣ ሽማግሌም ይጫወታል። ልጁ በጨርቅ ኳስ ይጫወታል፤ ሽማግሌው ደግሞ ካቻምና የተናገረውን ነገር ዘንድሮ ትንሽ አሳምሮ በመድገም ይጫወታል። ቋንቋችን ለሁለቱም የሰጣቸው ቃል አንድ ነው። እንግዳ ዝም ብሎ ሲቀመጥ «ምነው፣ አትጫወትም እንዴ?» ይባላል። ካልተጫወተ ወይ አሞታል፣ ወይ ተቀይሟል። ከሁለቱ አንዱን ሳይጠረጥር ዝምታውን የሚያልፍለት ባለቤት የለም።

ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ግን ጨዋታን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ለምሳሌ ከጣና በስተምሥራቅ የተዘረጋውን የፎገራን ሜዳና በስተደቡብ የሚያዋስነውን የደራን አገር እንውሰድ። አፄ ገላውዴዎስ ግራኝ አሕመድን ድል የነሱበት የ1535 ዓ.ም. የወይና ደጋ ጦርነት ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነበር። አፄ ሠርፀ ድንግል የጉዛራን ግንብ ያሠሩት ከዚሁ ሜዳ በስተሰሜን፣ ከእንፍራዝ አጠገብ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ በ1762 ዓ.ም. በዚሁ በኩል ወርዷል። አፄ ቴዎድሮስም የእንግሊዙን መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምን በ1858 ዓ.ም. በሐይቁ ዳር በቆራጣ አሳርፈውታል። ይህ ሁሉ ተጽፏል። ጦሩ አልፎ ከሄደ በኋላ ግን የአገሩ ሰው ማታ ተሰብስቦ ምን አለ? በምን ሳቀ? ምን ጠጣ? ይህን የጻፈልን የለም ማለት ይቻላል።

«ማለት ይቻላል» ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ትልቅ መጽሐፍ አለና። ቆራጣ የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ገዳም አገር ናት። ወለተ ጴጥሮስ አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በተቀበሉ ጊዜ እምቢ ብላ የተሰደደች እናት ስትሆን፣ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1642 ነው። ገድሏ የተጻፈው ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1672፣ ገላውዴዎስ በተባለ መነኩሴ እጅ ነው። በእነዚያ ሠላሳ ዓመታት ታሪኩ የት ነበር? በሚያውቋት ሰዎች አፍ ላይ ነበር። አብረዋት የተሰደዱ፣ አብረዋት የበሉና የጠጡ መነኮሳትና መነኮሳይያት እያረጁ ሲጨዋወቱት ኖሩ። ስለዚህም በገድሉ ውስጥ ከተአምራቱ ጎን ለጎን የቤት ውስጥ ኑሮ፣ የሴቶች ኩርፊያና ዕርቅ፣ እንዲሁም ወለተ ጴጥሮስ ከባልንጀራዋ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር እስከ ዕለተ ሞቷ ያቆየችው ወዳጅነት ይገኛል። ሁለቱ እናቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተያዩ እንዴት እንደተዋደዱ የሚነግረን የነገሥታት ዜና መዋዕል አይደለም። ይህን የነገረን አረጋውያን ሲያወሩት የቆየ ጨዋታ ነው።

እንግዲህ ጨዋታ ታሪክን ያቆያል ካልን፣ ጨዋታን ራሱን ያቆየው ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። በዚያ አገር ሽማግሌዎች እንዲያው በዘፈቀደ ተገናኝተው አይጫወቱም። ቀን አለው፤ ቤት አለው፤ መጠጥ አለው።

የጥንቱ መገናኛ ማኅበርና ሰንበቴ ነው። የጽዋ ማኅበርተኞች በወር አንድ ቀን፣ በመረጡት ታቦት ወይም ጻድቅ ቀን፣ በተራ ከአንዱ አባል ቤት ይሰበሰባሉ። ጸሎቱ ይደረሳል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል። የማኅበሩ ሙሴ ሥርዓቱን ይመራል። የተጣሉ አባላት ካሉ ከጽዋው በፊት መታረቅ አለባቸው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣው ግን ያው ጨዋታ ነው፤ የዝናቡ ነገር፣ የከብቱ ነገር፣ የማን ልጅ ማንን አገባ። ጸሎቱ የመጡበት ጉዳይ ነው፤ ጨዋታው ደግሞ በሚቀጥለው ወር እንዳይቀሩ የሚያደርጋቸው ነው። ሠላሳና አርባ ዓመት በአንድ ጽዋ የጠጡ ሰዎች አንዱ የሌላውን የሕይወት ታሪክ ከባለቤቱ አብልጠው ቢያውቁት አያስገርምም።

ቡና የመጣው ዘግይቶ ነው። ይህ ለዛሬ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። በጣና ዙሪያ በዘጌና በቆራጣ የቡና ዛፍ ከጥንት ጀምሮ ነበር። ነገር ግን የደጋው ክርስቲያን ቡናን የሙስሊሞች መጠጥ ነው ብሎ ይርቀው ስለነበር ለሻጩ እንጂ ለጠጪው አልነበረም። ሁኔታው የተለወጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር፤ አቡነ ማቴዎስም ካህናቱ በቡና ላይ የነበራቸውን ጥላቻ በማለዘብ ይጠቀሳሉ። ከዚያ ወዲህ ረከቦት በየቤቱ ገባ። ጨዋታም የወር ቀጠሮ መጠበቁ ቀርቶ በቀን ሦስት ጊዜ የሚመጣ ሆነ። ከሁሉም በላይ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት በአንድ ጀበና ዙሪያ የሚቀመጡበት ወንበር ተገኘ። በማኅበር ጽዋ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር።

የዚህን ወንበር ጣዕም በአንበሳሜ ቀምሼዋለሁ። አንበሳሜ የደራ ወረዳ ከተማ ናት። በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ዝናቡ አብቅቶ እህሉ በሚሰበሰብበት ሰሞን፣ ከገበያው ጥግ ካለች አንዲት ቡና አፍይ ቤት ተቀምጬ አራት እኩያሞች ሲጫወቱ አዳመጥሁ። ሦስቱ የከተማዋ ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው የቀድሞ መምህር ነው። አራተኛው ወዳጆቹን ሊጠይቅ ከፎገራ ሜዳ የመጣ ገበሬ ነበር። ሰላምታው ብቻ አቦሉን ጨረሰ።

«እንዴት ሰነበትህ አያ?»

«እግዜር ይመስገን። ጉልበቴ ነው እንጂ እኔስ ደኅና ነኝ።»

«ጉልበትህ ያንተ አይደለም እንዴ?»

«ድሮ ነበር የእኔ። አሁንማ ራሱን ችሏል።»

ከዚያ ጨዋታን ጨዋታ ያነሣዋልና፣ በእርጅና ምን ደስታ ቀረ ወደሚለው ዞሩ። አንዱ ጠዋት ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ መሞቅን የሚያህል የለም አለ። ሁለተኛው የሽምብራ እሸት አለ፤ ጥርሱ ስላለቀ ግን አሁን የሚወደው ሌሎች ሲበሉ ማየት መሆኑን ጨመረ። መምህሩ የልጅ ልጁ ማታ ማታ በሞቀ ውኃ እግሩን ስታጥበው የሚሰማውን ነገረን። የፎገራው እንግዳ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «እኔስ ከደጅ ሆኖ ‹ኧረ አለህ ወይ?› የሚለኝ ሰው ሲመጣ ነው፤ እሱም እየቀነሰ ሄደ» አለ። ሁሉም ዝም አሉ። ቡና የምታፈላው እናት ግን ዝምታውን አላስቀመጠችውም፤ «እናንተ ደግሞ! ደስታ ማለትማ በረካው ሳይደርስ አለመነሣት ነው» ብላ ቶናውን ቀዳች።

ቀጥሎ የተነሣው ወሬ ሩዝ ነበር። የእኔም ጆሮ የቆመው እዚህ ላይ ነው። የፎገራ ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው የሚያጥለቀልቁት አገር ነው። ከቀድሞ ጀምሮ የሚታወቀው በፎገራ ከብት ሲሆን፣ ውኃው የሚተኛበት መሬት በአብዛኛው ግጦሽ ነበር። ሩዝ ወደ ሜዳው የገባው በደርግ ዘመን ነው፤ በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት የተጀመረውን ሙከራ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አግዘውታል። ከዚያ ወዲህ ሩዙ ሜዳውን ሸፈነው፤ «ነጭ ወርቅ» የሚል ስምም አተረፈ። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ፎገራ ላይ ተቋቁሟል። ሩዙ ከጤፍ ጋር እየተቀላቀለ እንጀራ ሆነ፤ ጠላም፣ አረቄም ሆነ። በአንጻሩ ግጦሹ ጠበበ፤ የፎገራ ከብትም ቁጥሩ ተመናመነ።

ይህን ከምርምር ጽሑፍ ማግኘት ይቻላል። ከአራቱ እኩያሞች ያገኘሁት ግን ሌላ ነው። እንግዳው ሩዙን መጀመሪያ ሲያዩት ሴቶቹ ገለባውን በምን እንደሚያለቅቁት ግራ ገብቷቸው በሙቀጫ ይወቅጡት እንደነበር፣ እሱም «ይህ እህል ነው ወይስ ቅጣት?» ብሎ እንደነበር አጫወተን። መምህሩ የሩዝ ጠላ ጠላ አይባልም ብሎ ሞገተ። እንግዳው «ባለፈው ስትመጣ ግን ሦስት ጣሳ ጠጥተህ ነው ይህን የተናገርኸው» አለው። ሳቅ ሆነ። ሳቁ ጋብ ሲል እንግዳው፣ «ሩዝ ልጆቼን አስተማረልኝ፤ ከብቴን ግን ወሰደብኝ። ማታ ከብት ሲገባ የነበረውን ድምፅ አሁን በሕልሜ ነው የምሰማው» አለ። አንድ አዲስ እህል ለአንድ አገር ያመጣውንና የወሰደበትን በሁለት ዓረፍተ ነገር እንዲህ ያስቀመጠ ሪፖርት እስከ ዛሬ አላነበብሁም።

ሌላም ያስተዋልሁት ነገር አለ። ዓመተ ምሕረት የጠራ ከመካከላቸው አልነበረም። «ሩዝ ሳይመጣ» ይላሉ፤ ወይም «ከቻይና መንገድ ወዲህ»። የቻይና መንገድ የሚሉት ቻይናዎች የሠሩትን፣ ወረታን በደብረ ታቦር በኩል ከወልድያ የሚያገናኘውን መንገድ ነው። «የውኃው ዓመት» ሲሉ ደግሞ ርብና ጉማራ ከልክ በላይ ሞልተው ብዙ ሕዝብ ያፈናቀሉበት የ1998 ዓ.ም. ክረምት ነው። ይህ የዘመን አቆጣጠር በማንም መዝገብ የለም፤ የሚኖረው በእኩያሞች መካከል ብቻ ነው። «የውኃው ዓመት» ብሎ የሚናገር ሰው፣ የትኛው ውኃ እንደሆነ የሚገባው ጓደኛ ከሌለው አንድ ዓመት ከዕድሜው ጠፋበት ማለት ነው።

ለጨዋታ የማይመቹ ዘመናት ነበሩ፤ አሉም። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ የታወጀው የሰዓት እላፊ ገደብ በከተሞቻችን ለረጅም ዓመታት ቆይቷል። በቀይ ሽብር ጊዜ «ግድግዳም ጆሮ አለው» የሚለው አባባል ምክር መሆኑ ቀርቶ የኑሮ ደንብ ሆኖ ነበር። ሰው ይሰበሰባል፤ ቡናው ይፈላል፤ ወሬው ግን ስለ አየሩ ሁኔታ ብቻ ይሆናል። ያ ጊዜ ምን ወሰደብን ስንል የሞቱትንና የተሰደዱትን እንቆጥራለን፤ መቁጠርም ይገባናል። ያልተጨዋወትናቸውን ማታዎች ግን የቆጠራቸው የለም።

በቅርቡም ይኸው ደርሷል። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በመጀመሪያ ለስድስት ወር፣ በኋላም ለተጨማሪ አራት ወር ጸንቶ ነበር፤ በባሕር ዳር፣ በጎንደርና በሌሎችም ከተሞች የሰዓት እላፊ ተደንግጎ ነበር። መንገድ ሲዘጋ፣ መኪና ሲቀር፣ ጥይት ሲሰማ፣ ከፎገራ ተነሥቶ ወዳጁን ለመጠየቅ ወደ አንበሳሜ የሚወጣ ሽማግሌ ከቤቱ ይቀራል። ይህን ጉዳት ማንም እንደ ጉዳት አይመዘግበውም። በሰባ አምስት ዓመቱ አንድ ዓመት ሙሉ እኩያውን ሳያይ የቀረ ሰው ግን ያንን ዓመት የሚመልስበት ሌላ ዕድሜ የለውም።

ለዚህም ነው ጨዋታ ታሪክ አለው ማለቴ። ጨዋታ የሰላም መለኪያ ነው። ሰው ጎረቤቱን ሳይፈራ ስለ ጉልበቱ ሕመምና ስለ ሽምብራ እሸት ማውራት ከቻለ በዚያ አገር ሌላውም ነገር ብዙውን ጊዜ ደኅና ነው። ይህን ማውራት ሲያቅተው፣ ገና ምንም ሳይታወጅ፣ አንድ ነገር እንደተበላሸ ማወቅ ይቻላል።

በከተማ ያለን ሰዎች ወግን ከሥነ ጽሑፍ ቆጥረን በመጽሐፍ ማንበብ ከጀመርን ቆይተናል፤ ለዚህም እንደ መስፍን ሀብተ ማርያም ያሉ ደራስያን ባለውለታዎቻችን ናቸው። የወግ ምንጩ ግን አሁንም በየደጁ አለ። እናታችሁ ወይም አባታችሁ ከእኩያቸው ጋር ሲቀመጡ ሻዩን አቅርቦ ዘወር ማለት የተለመደ ነው። እስቲ አንድ ቀን አትነሡ። የሚያወሩት ተራ ነገር ነው፤ መቶ ጊዜም ሰምታችሁት ይሆናል። ገላውዴዎስ መነኩሴው ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የሰማውም እንዲህ ያለውን ነበር። እሱ ግን ሰምቶ ዝም አላለም፤ ብራናውን አወጣ።